በመስኮት የወጣ ጓዳ

ሶፋና ቁም ሳጥን የጎረምሶች ነው፤
የብርጭቆው ጣጣ ለእኔ ነው የሚተው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በኢስታንቡል ዳገት፣
የሰው ጓዳ ሳስር፣ ስፈታ፣ ስዞር ከቤት ቤት፣
ያየሁትን ገመና፣ አፌን እንደ ካርቶን
በፕላስተር አሽጌ ነው የወጣሁ ሁሉን።
ይሄን ግን ልናገር።

ኡስኩዳር፣ አምስተኛ ፎቅ፤ ሕንጻው ሊፈርስ ነው፤
ምድር ብትነቃነቅ አይችላትም ብለው
መሐንዲሶች በቀይ ቀለም ፈርመውበታል።
ደረጃው ጠባብ ነው፤ ቁም ሳጥን ያንቀዋል፤
በሞተር መሰላል ጓዙ ሁሉ በመስኮት
ወጥቶ አየር ላይ ዋለለ፣ ሰፈር እያየበት።
ወይዘሮ ኔርሚን ግን ከጓዳቸው አልወጡ፤
በርጩማ ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

ከመጀመሪያው መሳቢያ የእንጨት ማንኪያ አወጣሁ፤
በአንድ ጎኑ ብቻ አልቋል። ገልበጥ አርጌ አየሁ።
«በግራ እጁ ነበር ባሌ የሚያማስል፤
ምስሩ ሲያርበት እንኳ» አሉ፣ «እጁን አይነቅል።»

ከሁለተኛው መሳቢያ በር ያጡ ቁልፎች፣
የሻማ ቁራጮች፣ የላስቲክ ቀለበቶች፣
የሞተ ፍሪጅ ዋስትና፣ ስሙ የጠፋ ብረት።
«ይሄን እንኳ ልጣል?» ብዬ ብጠይቅ ድንገት፣
በዐይናቸው ገረፉኝ፤
«የማላውቀውን ነው» አሉ፣ «በተለይ እንዳትጥልብኝ።»

ከላይ፣ ከመደርደሪያው ጥግ፣ ከአቧራ በታች፣
ወገባቸው ቀጭን፣ ስድስት የሻይ ብርጭቆዎች፣
ከነጋዜጣቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት
ማንም አልፈታቸው፣ ከመጡበት ዕለት።
«ለእንግዳ ነበሩ። እንግዳውም መጣ፣
ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፤ በተሸረፈው ጠጣ።»
ጋዜጣው ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል፤
የሆነ ሚኒስትር ሾሟል፤ «ነገ ይዘንባል» ይላል።
አልገፈፍኩትም፤ በእሱው ላይ ደረብኩኝ
የትናንቱን ወሬ። «እደግ» አሉኝ፣ ሽበቴን ሳያዩልኝ።

ባሕሩን ተሻገርን፣ ወደ ልጃቸው ቤት።
ድልድዩ ላይ ቆምን ሁለት ሙሉ ሰዓት።
ከኋላችን ሣህን ሣህንን ያማል፤
ከፊት፣ ጭናቸው ላይ፣ በኮምጣጤ ያደረ ቃሪያ በጠርሙስ ይናጣል።
እሱን ለጭነት አልሰጡም፤ «ይፈሳል» አሉኝ፤
ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ እኔን ገላመጡኝ።

የምራታቸው ማድ ቤት ነጭ ነው፤ ያበራል፤
መሳቢያው ቢገፉት ሳይጮህ ራሱን ይዘጋል።
ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤
እዚህ ግን ጉልቻም የለ፤ እሳቱ ከመስታወት ሥር ገብቷል።

ለመፍታትም ጭምር ነበር የተከፈለኝ።
አንዱን ካርቶን ከፈትኩ። ቤልጊን በፈገግታ አስቆመችኝ፦
«ድስት አለን፣ እማማ፤ መፈቅፈቂያም አለ፤
ይሄም አለን፤ ያም አለን።» ክፉ ቃል አልተባለ።
«ለአሁን በረንዳ ይሁን» አለች፤ ደረደርኩ፤
አሥራ አራት ካርቶን፤ በሸራ ሸፈንኩ።
ብርጭቆዎቹም ያኔ «ለአሁን» ተብለው ነበር።

አመሻሽ ላይ ኔርሚን ሾርባ ሊያማስሉ ተነሡ፤
እጃቸው ወደ ጨው ሄደ፣ ወደ ግራ፣ በራሱ፤
ባዶ ግድግዳ ነካ። እዚያው ቆየ።
እኔ አየሁ። ሌላ ያየ አልነበረም፤ ካየም እንዳላየ።
በውላችን ውስጥ የሌለ ሥራ ሠራሁ፤
በረንዳ ሄጄ የጨው ዕቃቸውን አወጣሁ፣
ከምድጃው በስተግራ፣ እጅ ከሚደርስበት፣
አስቀመጥኩት።

ሒሳቤን ተቀብዬ በር ላይ ጫማዬን ሳስር፣
ቤልጊን ጨርቅ ይዛ ጨውን አነሣች፣ ልትወለውል ከሥር።
ወለወለች።
የት እንደመለሰችው ሳላይ
የአሳንሰሩ በር ተዘጋ።