«በመካከል» የሚል ቃል

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሱ ፎልስ፣ የካቲት ወር፤
መስኮቱ አመዳይ ለብሶ፣ ማሞቂያው ሲያጓራ ከሥር፣
ሚስተር ሃልቨርሰን አሰመረ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር፤
ግራና ቀኝ ጫፉን በሁለት ነጥብ ዘግቶ፣
«ውስን ነው» አለ፣ «አያልፍም ከዚህ ወጥቶ፤
ጨረር ቢሆን ይሄድ ነበር ይህን ግድግዳ በስቶ፣
የመኪና ማቆሚያውን፣ የበቆሎውን ማሳ ትቶ።»

የልምምድ ወረቀት፤ ጥያቄው ሃያ ሁለት።
የኔ ማስመሪያ ተሰብሯል፣ ልክ ሰባት ቁጥሩ ላይ፣ ባለፈው ሳምንት፤
ኤህ ዶ የሱን አኖረልን መሃል ላይ፣ እንደ ጋራ ንብረት።
የመጀመሪያዎቹ ቀላል ናቸው፤ እንደ ዳቦ ቆርሶ መግጠም፤
ቁራሽ ሲደመር ቁራሽ ሙሉውን ይሰጣል፤ የሚጠፋ ፍርፋሪ የለም።
አራተኛው ላይ ርዝመቱ ነጌቲቭ ሦስት ሆኖ ወጣ፤
ኤህ ዶ በክርኑ ጎሸመኝ፤ «ከምንም ያጠረ እንጨት ከየት መጣ?»
ላጲስ። ብናኙን እፍ። እንደገና ከሀ ተነሣ።

ዘጠነኛው ሥዕል የለውም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው፦
ሀ፣ ለ እና ሐ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው።
ከሀ እስከ ለ አሥራ ሁለት፣ ከለ እስከ ሐ አምስት።
ከሀ እስከ ሐስ?
አሥራ ሰባት።
ሳላስብ እጄ ቀድሞኝ ጻፈው፤
ለን መሃል አስቀምጬ፣ በፊደል ተራ፣ እንደለመድነው።

ሚስተር ሃልቨርሰን በአጠገቤ ሲያልፍ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ፤
«ለ በመካከል ነው ብሎ ማን ነገረህ?» አለና አለፈ።

ማንም።
ደግሜ አነበብኩት፤ ቃሉ የለም።
ሐ ፊቱን ወደ ሀ አዙሮ ቢመለስስ?
አሥራ ሁለት ሲቀነስ አምስት፤
ሰባት።
ማስመሪያዬ የተሰበረበት።

አባቴ ከባድ መኪና ይነዳል፣ በሃያ ዘጠኝ ቁጥር ጎዳና፤
ከፋርጎ ኦማሃ፣ ከኦማሃ ፋርጎ፣ እንደገና፤
መንገዱ ማስመሪያ የነካው ይመስላል፤ እኛ መሃሉ ላይ ነንና
ሲሄድም ሲመጣም በኛ በኩል ነው።
ትናንት ማታ ደወለ፤ «ከእናንተ መቶ ሰማንያ ማይል ላይ ነኝ» አለ፤
ሌላም ነገር ጀምሮ ነበር፤ መስመሩ ተቆረጠ።
እናቴ፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ገና መግባቷ፣
እላይዋ ላይ ነበር ኮቷ፣
ወጡን ጣደች፤ አራተኛውን ሳህን አወጣች፤
ትርሲት ካልሲዋን እንዳደረገች ሶፋው ላይ ተኛች።
እኔ ቆጠርኩ፤ መቶ ሰማንያ ለስልሳ ሲካፈል፣ ሦስት ሰዓት።
ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት። ወጡ ላይ ቅባቱ ረጋበት።

እየመጣሁ ነው አላለም።
ማይሉን እንጂ አቅጣጫውን አልነገረንም።
ሥዕሉን የሳልነው እኛ።

ከአሥራ ሰባት ሥር «ወይም ሰባት» ብዬ ጻፍኩ፣ እርሳሴን ጫን አድርጌ።
ኤህ ዶ አየው፤ ራሱን አከከ፤ ቀዳው።
ደወሉ ሲደወል አሥረኛውን አልጀመርነውም፤
ማስመሪያውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ጫፉ ወጥቶ ቀረ።

ዛሬ ማታ ከደወለ፣ ስንት ማይል ቀረህ አልለውም።
ፀሐይ የጠለቀችው በየትኛው መስኮትህ ነው? እለዋለሁ፤
በግራህ ነው፣ አባዬ፣
ወይስ በቀኝህ?