ሦስት ጊዜ በማንኪያ

ሠላሳ ክረምት ሙሉ ቧንቧ ስገጥም ኖሬ፣
የራሴን ቤት ሳልጠግን በካፖርት አድሬ፣
በዚህች ባሕር ዳር ከተማ፣ በሊየፓያ፣
ንፋሱ ሌባ ነው፣ አያጣም መግቢያ።

ኅዳር ሲገባ ነበር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ወይዘሮ ሚርድዛ ጠርታኝ ማሞቂያዋን ላይ።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ወገቧ የቀና፣
ከጉልበቷ በቀር ሁሉ ያላት ጤና።
ከመስኮቱ በታች አሮጌው ብረት አለ፣
ዘጠኝ ጎድን ያለው፣ ቀለሙ የቆሰለ፤
ከእግሩ ሥር ሳህን፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣
ዝገቱም እንደ ሻይ ነጩን ያቀላዋል።

«እማማ፣ ይኼ ሞቷል፤ ይብቃው፣ ይሸኝ» አልኳት፣
መጽሔቴን አውጥቼ ገልጬ አሳየኋት።
«ይኼ ፓኔል ነው ስሙ፣ የብረት ገበታ፣
ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የማይሻማ ቦታ፤
ይኼ አሉሚኒየም፣ ላባ ነው ክብደቱ፣
በአምስት ደቂቃ ይግላል፣ እሳት ነው ፍጥነቱ፤
ሲዘጉት ግን ወዲያው ይረሳል ሙቀቱን፣
እንደ ሠርግ ወዳጅ ያዞራል ፊቱን።
ይኼ ፎጣ መስቀያ፣ ለመታጠቢያ ቤት፣
መሰላል ይመስላል፣ የማይወጡበት።
ይኼም የድሮው ዓይነት፣ የተቀዳው ብረት፣
አራት ሰው ይሸከመው፣ ዋጋውም መዓት፤
ለመጋል ይለግማል፣ እንደ ሽማግሌ በቅሎ፣
ከጋለ ግን አይረሳም፣ ያድራል ሙቀት አዝሎ።
ክፍልሽን ለካሁት፤ አሥራ ስምንት ካሬ፣
ሁለት ሺህ ዋት ይበቃል፣ ጨምሬ ደምሬ፤
እኔን ብትጠይቂኝ፣ ፓኔሉን ምረጪ፣
የላስቲክ ቧንቧ ላግባ፣ ዝገትን አምልጪ።»

ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ዋጋም አልጠየቀች፣
ስለ ዋስትናውም አንድ ቃል አላለች፤
ከመሳቢያ ሳበች አሮጌ ማንኪያ፣
«ይጮኻል» አለች «ይኼ ያንተ ማሞቂያ?»

አልገባኝም ነበር። ወደ ሱቅ ወረድን፣
ወንበሩ የጎበጠ ቫኔ ላይ ተጭነን።
ናሙና በናሙና እየዞረች መታች፣
ጆሮዋን አስጠግታ እንደ ሐኪም ሰማች።
ፓኔሉ «ጠሽ» አለ፣ እንደ ብስኩት ቆርቆሮ፣
አሉሚኒየሙ ጉንፋን ይዞት ኖሮ፤
ፎጣ መስቀያውማ ትንፍሽም አላለ፣
የዳይና፣ የሻጯ ልጅ፣ ሳቋ ተንከባለለ፣
ብረቱን ስትመታው ሱቁ ሁሉ ደወለ።

«እሱ ነው» አለችኝ።

«ከበታቼ ያለው አርቪድስ ይባላል፣
መርከብ ሲበይድ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤
ልጆቹ ደብሊን ናቸው፤ ስልክ አይሰማለትም፣
እኔም በዚህ ጉልበት ደረጃ አልወርድም።
ማታ ሦስት ሰዓት ሲል፣ በማንኪያ ሦስቴ፣
ቧንቧውን ስመታ ከዚህ ከመስኮቴ፣
እሱም ሦስት ይመልሳል፣ ከታች፣ በመፍቻ፤
‹አለሁ› ማለት ነው ይኼ፤ ‹አለሁ› ማለት ብቻ።
ዐሥራ አንድ ክረምት ሆነን፤ አንድ ማታ ዝም ቢል፣
አምቡላንስ ጠራሁ፤ ተረፈ በዕድል።
ላስቲኩ ቧንቧህ፣ ልጄ፣ ይኼን ያወራል ወይ?»
ምን ልበላት? ዞርኩኝ፣ ሒሳብ የማሰላ መሳይ።

በሦስተኛው ቀን በአራት ጎረምሳ፣
ደረጃ ለደረጃ ብረቱ ተነሣ፤
ራይቪስ ጣቱ ተላጠ፣ ግድግዳው ተፋቀ፣
አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ትንፋሻችን አለቀ።
የብረት ቧንቧውንም እንዳለ ተውኩት፣
የዛገውን ክር ብቻ ቀይሬ አጠበቅኩት።
ፍል ውሃውን ለቀቅሁ፤ አየሩን አስወጣሁ፤
«ፍስስስ» አለ። እጄን አስደግፌ ጠበቅሁ።

ለመጋል ለገመ። ሻይ ጠጣን። መሸ።
ሦስት ሰዓት ሆነ።
መታች፣ ሦስት ጊዜ።
ታች ዝም።
ብረቱ ለብ ብሏል። ማንኪያው በእጇ ቆሟል።
ደረጃውን ልወርድ ጫማዬን ሳጠልቅ፣
ከታች መጣ ድምፁ፣ እንደ ሳል፣ ከሩቅ፤
አንድ።
ሁለት።
ቆየት ብሎ፣ ሦስት።
«ማክሰኞ ነው» አለች፤ «ሾርባውን ሲያማስል ነው።»

ቤቴ ስገባ ሌሊት፣ ካፖርቴን እንደ ለበስኩ፣
የራሴን ማሞቂያ በመፍቻዬ ነካኩ፤
ከግድግዳው ማዶ
የጎረቤት ውሻ ጮኸ።