ሃያ ስድስት ደቂቃ

ዛሬም ባጃጁ በር ላይ ለፊት ወንበር ተጣላችሁ፤
"ታላቅሽ ነኝ" አለች ኑሪያ፤ ሰፈር ሰማ ጩኸታችሁ።
ነይ ሰብሪን፣ ከጉልበቴ መሀል፤ ጸጉርሽን ጎንጉኜ እስክጨርስ፣
የሰዓቱን ነገር ላውጋሽ፤ ግን ከኢፍቱ ልጀምር፣ ወደ ኋላ ልመለስ።

ኢፍቱን ሳምጥ ባቡር ነበርኩ፤ ያ አሮጌው የጅቡቲው፣
የአባቴን ጉልበት ሠላሳ ዓመት አንድ ፍሬን ላይ የጨረሰው።
በመግሪብ አዛን ከለገሃሬ ተነሣሁ፤ ሽንሌ ስደርስ ሌሊት ሆነ፤
አዲጋላ ላይ ቆምኩ፤ ማንም አልወረደ፣ ማንም አልተሳፈረ፤ ጊዜው ብቻ ባከነ።
"ሁለት ጣት" ትላለች ሲስተር ውዲቱ፣ ጓንቷን እያወለቀች፤
"ገና ነሽ" ትላለች፣ ወረቀቱ ላይ ነጥብ እየጣለች።
አይሻ ላይ ጎህ ቀደደ። ሦስት ጣት። ደግሞ ቆምኩ።
አባቴ ያስጠናኝን ጣቢያ ሁሉ ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩ።
ኢፍቱ ባሕሩ ጋ የደረሰችው በማግሥቱ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤
ሃያ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ሦስት ኪሎ ለማትሞላ ፍጥረት።

ሙክታር ሌላ ነው። ሩዝ ጥጄ፣ ሽንኩርት እየላጥሁ ሳለሁ፣
ወገቤን አንዴ ጨመደደኝ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ተንበረከክሁ።
አባትሽ በነጠላ ጫማ ሮጦ ባጃጅ ይዞ መጣ፤
ደቻቱን ስንሻገር አሸዋው ደረቅ ነው፤ ከእኔ ግን ውሃው ወጣ።
ነጂው ዞሮ ወንበሩን አየ፤ ምንም አላለም፤ ክላክሱን ብቻ ነፋ፤
ታይዋን ገበያ ሰው ሁሉ ጥግ ያዘ፣ ሀብሀብ የጫነ ጋሪ ተደፋ።
እህቱ መንገዱን ጠርጋለት፣ እሱ በጠረገችው ሮጠበት፤
ሁለት ሰዓት ተሩብ። ያን ሩዝ ጎረቤት አውጥታው፣ ማታ ቀዝቅዞ በላሁት።

የናንተ ተራ ሲደርስ አክስቴ ሩማና በጣቷ አሰላች፦
"ሃያ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት... ይሄ በሩ ላይ ይወድቃል" አለች።
"መንታ ናቸው" ስንላት፣ "እሰይ፣ ያቺኑ ይካፈሏታል!"
ሲስተር ውዲቱ ሳቀች፤ "ማህፀን" አለች፣ "ሂሳብ መቼ ያውቃል?
ከለመደ ይፈጥናል፣ እውነት ነው፤ ሁለት የጫነ ግን ተለጥጧል፤
እንደ ላላ ላስቲክ ነው፣ አንዳንዴ መግፋት ይሰንፋል።
ጠዋት ሊሆን ይችላል፣ ማታ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ቀጠሮ አልሰጥም፤
ብቻ ሲጀምርሽ ቤት እንዳትቆዪ፤ ሁለተኛውን ማንም አያምንም።"

ሁለት ሌሊት መጣ፣ ሄደ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተመለስሁ።
በሦስተኛው ሲቆርጥ፣ ድል ጮራ አልጋ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ቆየሁ።
ከዚያ ኑሪያ፤ በጭንቅላቷ፣ ተቆጥታ፣ እየጮኸች፤
"አንድ" ብላ ሲስተር ሰዓት አየች፤ ከሌሊቱ ስምንት ከአሥር ጻፈች።

ከዚያ ዝም።

ምጡ ቆመ።
ሆዴ እንደ ገበያ ማግሥት፣ በግማሽ ባዶ፣ በግማሽ ሙሉ።
ቬንትሌተሩ ብቻ ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ያመላልሳል።
ያቺ የእንጨት መለከት ሆዴ ላይ፣ የሲስተር ጆሮ ከላይዋ፤
ዓይኗን እያየሁ ያንቺን ልብ እሰማለሁ።
እንደ በር መወርወሪያ ጋድም ተኝተሻል።
ከውጭ በሁለት መዳፏ ገፋችሽ፤ ቀስ፤ አንዱ ወደ ራስሽ፣ አንዱ ወደ ቂጥሽ፣
የተኛ ሰው ሳትቀሰቅስ እንደምታገላብጥ።
ኑሪያ በሌላ ክንድ ላይ ታለቅሳለች፤
እኔ ምን ብዬ ደስ ይበለኝ?
በሁለት ልጅ መሀል ጣቢያ የለም። አባቴ ያላስጠናኝ ሐዲድ ነው፤
የምጠራው ስም አልነበረኝም።
"ሁለት አርግዛ አንድ አቀፈች" የሚለውን ወሬ
ማንም ሳያወራው ሰማሁት።

ደቻቱን ታውቂዋለሽ፤ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ
ደንገጎ ላይ ይዘንባል። ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤
ድምፁ መጀመሪያ ይደርሳል።
እንደዚያ መጣሽ።
አንድ ምጥ፣ ሁለት፤ ሦስተኛውን አልቆጠርሁም።
"ሁለት" አለች ሲስተር፤ ስምንት ከሠላሳ ስድስት።
ሰብሪን ያልኩሽ፣ ሰብሬ ያለቀበት ሰዓት ስለሆነ ነው።

እንግዲህ መዝገቡ የእሷ ነው፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ ትበልጥሻለች።
እኔን ብትጠይቂኝ፣ የኢፍቱ ሃያ ሁለት ሰዓት ከዚያ ያጥራል።
ለኑሪያ አትንገሪያት፤ የፊቱን ወንበር ትታ ሌላ ጠብ ታመጣለች።
ቀና በይ፤ አለቀ ጸጉርሽ።
ጫማሽን አድርጊ፤ ነጂው ክላክስ እያደረገ ነው።