የማይታየው መስኮት

መስኮት ስል የብረት፣ የእንጨቱን አይደለም፤
ማጠፊያም ሆነ ማገር፣ መዝጊያም ቢሉ የለም።
አራት ማዕዘን ነው፤ ወርዱንና ቁመቱን
በቁጥር ስነግረው ነው የሚያውቅ ቤቱን።
ከግራ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል
ብዬ ካልነገርኩት «የት ልቁም?» ይለኛል።
ሁሉም ወላጅ አለው። ከወላጁ ደጃፍ
ልጅ እግሩን ቢያወጣ ይቆረጣል ከጫፍ።
ወላጅ የፈረሰ ቀን ልጆቹ ይፈርሳሉ፣
ሳይጠየቁ፣ ሳይሰሙ፣ አብረው ይከተላሉ።

ይህን የማወራው ከባሕር ዳር ወደብ በላይ፣
ከጀልባ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፎቅ ላይ፣
ሙቀቱ አየሩን እንደ ጨርቅ ሲጨምቀው፣
ማራገቢያው ሲዞር፣ መብራት ሲያስጨንቀው፣
የቲኬቱን ፕሮግራም እንድጠግን ተብሎ፣
ደርበው ጽፎት የሄደውን፣ ያለ ስንብት ጥሎ።

ከታች ባንቺአምላክ አለች። ዘጌ፣ ደቅ፣ ጎርጎራ፣
ቲኬት ስትቆርጥ ኖራለች፣ ተራ ስትጠራ።
«ያቺ ትንሿ መስኮት ከፊቴ ስትሄድ
ሥሯ የነበረው ስም አመድ ይሆናል፣ አመድ።»

አዎ፤ መስኮት አያስታውስም። የተሸፈነውን
ማንም አያስቀምጥለት። ሲገለጥ ፊቱን
«ሳሉኝ!» ብሎ ይጮኻል፤ ባለቤቱ ካልሰማ
አመድ ለብሶ ያድራል እንደ ተፈታ ከተማ።
እምቦጭን አስቡት። ገበሬው ሲነቅለው፣
በክንዱ፣ በደረቱ ጎትቶ ዳር ሲጥለው፣
ውኃው ወዲያው ውኃ አይሆንም፤ ጥቂት ቀን ይደነግጣል፣
ነፋስ መጥቶ እስኪስለው ጭቃ መስሎ ይቀመጣል።

ይህኛው ቀላል ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ ስሙን
ከላይ እስከ ታች ሳልኩለት፤ መለስኩለት ፊቱን።

ግን ዛፉን ሥር ከሥር ስቆጥር፣ ልጅ ከወላጅ ስለይ፣
አንድ ያልተሳለ መስኮት አገኘሁ፣ ከሁሉ በላይ።
ቀለም የለው፣ ጠርዝ የለው፣ ጽሑፍም የለበት፤
ዓይን ያልፈዋል፤ ጣት ግን አያልፍበት።
«ሰርዝ» ከሚለው ቁልፍ ላይ ተጋድሞ፣ ዝም ብሎ፣
የሚነካውን ጣት ሁሉ ዋጥ ያደርጋል ተቀብሎ።
አጠገቡ ደርበው በአማርኛ ጽፏል፤
«አትንካው። ምክንያት አለው።» ምክንያቱን ግን ዘሏል።

ምክንያት ያጣ ሰው ነው «ምክንያት አለው» የሚል
ብዬ አፈረስኩት። አንድ መስመር ይበቃል።

በማግስቱ፣ አንድ ሰዓት፣ የደቅ ጀልባ ሊነሣ ሲል፣
ሠላሳ ስምንት ሰው ቆሟል፤ ስማቸው የለም ከፋይል።
የጤና ሠራተኛው የክትባት ሣጥኑን አቅፎ፣
አንዲት ሴት ሁለት ዶሮ ይዛ፣ ልጇ እግሯን ተደግፎ፣
እንየው ሞተሩን አስነሥቶ፣ አጥፍቶ፣ ደግሞ አስነሥቶ፣
«ስም የሌለው ሰው አልጭንም» ብሎ፣ መሪውን ለቅቆ፣ ወጥቶ።

ባንቺአምላክ አልጮኸችም። እጇን አየሁት ያኔ፤
ሁለት ወር አጠገቧ ስወጣ ስወርድ ያላየሁት እኔ።
ይንቀጠቀጣል።
«ሽጥ» ብላ የምትልከው ጣቷ «ሰርዝ» ላይ ያርፋል።
ጎን ለጎን ናቸው፤ በመሐላቸው ጤፍ በጭንቅ ያልፋል።

ደርበው አይቶ ነበር። አይቶ አልተናገረም፤
«እጅሽን ታከሚ» አላላትም፣
ለአለቃ አልነገረም፣ ማስጠንቀቂያ አልለጠፈም፤
አንድ የማይታይ ነገር ከጣቷ ሥር
አነጠፈላት። እሷም አላወቀችም።

ሠላሳ ስምንቱን ስም በእስክሪብቶ ጻፍነው።
ጀልባው ረፍዶበት ሄደ።
እኔም ፎቅ ወጣሁ፤ ወርዱን፣ ቁመቱን መልሼ ጻፍኩት፤
ከሁሉ በላይ አነሣሁት፤ ከዓይን ግን ደበቅኩት።
ከደርበው ቃል ግርጌ ምክንያቱን ልጨምር
«እጇ» ብዬ ጀመርኩ። አጠፋሁት። ይቅር።

ማታ ባንቺአምላክ ስትወጣ ከደረጃው ሥር ጠራችኝ፤
«ዛሬስ ምን አደረግሽው?»
«ምንም» አልኳት። ሣቀችብኝ።
«ደርበውም ‹ምንም› ይል ነበር» አለች፣ እጇን ኪሷ ከታ፤
ባጃጅ ጠራች፣ ከዘንባባው ሥር ቆማ ለአፍታ።