እ□

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከቆርቆሮ በታች፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ ለከሳሽም ለሟች።
በገጽ አሥራ አምስት ብር፣ ለችኩል ሃያ፤
ለቸገረው በዱቤ፣ እስከ ቅዳሜ ገበያ።

እንጉዳይ መኳንንት ከቁስቋም ወርዳ
ካርታ ዘረጋችልኝ ከፌስታሏ ጓዳ።
«ጻፍ፣ ልጄ፤ ወንድሜ ከናታችን ቤት አስወጣኝ፤
ወረቀት ነው ብለውኛል እንደገና የሚያስገባኝ።»

ጻፍሁ። እንደ ወጉ፣ በሦስተኛ መደብ፦
እሷ፣ ቤቷ፣ ልጇ፣ ስሟ፣ በሕግ ቋንቋ ደንብ።
ማተሚያው አቃስቶ ወረቀቱን ተፋ፤
ከየቃሉ መጨረሻ አንድ አንድ ፊደል ጠፋ።

የወንድሟ ሙሉ ነው፤ ቤቱ ቤቱ፣ ልጁ ልጁ፣
አንድ ጭረት አልጎደለም ከስሙ እስከ እጁ።
የእሷ ግን፦
ቤ□።
ል□።
እና□።
ቁስ□ም፣ መንደሯ።
አባቷ እንኳ፣ ያ ትልቅ ስም፣ መሐሉ ተቦርቡሮ፦
መ□ንንት።

በመሠረተ ትምህርት፣ በማሾ የለየችውን ፊደል
በጣቷ እየተከተለች ደረሰች ከገደል።
«ይሄ ምንድን ነው» አለች፣ «አራት ማዕዘን ግድግዳ?
ቤቴን ሣልከው እንዴ፣ በር የሌለው፣ እኔ ውጭ እንግዳ?»

ሣቅሁ። ወዲያው አፈርሁ። በእስክሪብቶ ሞላሁት፣
የእያንዳንዱን ሳጥን ሆድ ጥቁር ቀለም አበላሁት።
መዝገብ ቤቱ መለሳት፦ «ስርዝ ድልዝ አለበት።»

ማታ በሬን ዘግቼ መረመርሁት ያን ፎንት፣
የእህቴ ልጅ ናሁሰናይ ሰኞ የጫነውን ከኢንተርኔት።
ሠንጠረዡን የሠራ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣
ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱን ቤት ደርድሮ
ዲቃላ የሚባሉትን ከአጥር ውጭ አባርሮ
ሥራውን ጨርሷል።

ለካ ዲቃላ አይወርስም የሚሉት
ለፊደልም ኖሯል።
«የእሱ» የሚባል ሁሉ ከሰባቱ ቤት ያድራል፤
ቤቷ፣ ልጇ፣ ስሟ ሲባል ከዲቃሎች ይቆጠራል።
ስንት ዓመት ስጽፍ ኖሬ
ይህን አላየሁም።

መብራት ሄደ።
ከቀሃ በኩል ውሻ ጮኸ።
ሲመጣ፣ ከአሮጌ ፍላሽ ውስጥ የድሮውን ፎንት ፈልጌ
ጫንሁ። ቷን መታሁ። መጣች፣
ከእግሯ ሥር መስመሯን ይዛ።
ሟን መታሁ። መጣች።
ጇ ብቻ ዘገየች፣
ልጅ እንዳዘለች።

ጠዋት አነበበችው፣ ቃል በቃል፣ ሳትቸኩል፤
«ቤቷ» ላይ ስትደርስ ጣቷን ቶሎ አላነሣችም።
የሁለት ገጽ ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረች።
«የአንዱ ይበቃል» አልኋት።
«ባለ ሳጥኑን ቅጂም ስጠኝ» አለች፤
«ለወንድሜ ላሳየው፣
ያካፈለኝን ቤት።»