ዓይኑ ዓ

ከጽሕፈት ቤቱ በር፣ ከዘንባባው ጥላ፣
ተቀምጬ ስውል የሰው ፎርም ስሞላ፣
ጣናው ነፋስ ልኮ ወረቀት ሲያነሳ፣
በጠጠር ስጫነው የገበሬን አበሳ፣
መጣ አንድ ጎልማሳ ከሮቢት ተነሥቶ፣
ግማሽ የተበላ በቆሎ በጆንያ ከቶ።

«ሽባባው እባላለሁ። ማስረጃዬ ይኸው፤
ጥርሱን ተመልከተው፤ የሰው አይደለም፣ የጫካ አሳማ ነው።
ግማሽ ጥማድ መሬት ባንድ ሌሊት አረሰው፤
እንዲህ ያለ በሬ የት ነው የምገዛው?

ምንሽር አለችኝ፣ ያባቴ፤ ቁጥሯም የተመዘገበ፤
መታወቂያዋ ላይ ግን «ራስን ለመጠበቅ» ነው የተጻፈ።
«አደን አይልም» አለኝ የጸጥታው ሹም፣
«ከተኮስክ ትወረሳለች፣ አንተም አትቀርም።»
እኔም ጠየቅሁታ! በቆሎዬ ሆዴ፣
ሆዴስ ራሴ አይደል? ወይስ የምጠብቀው ባርኔጣዬን ነው እንዴ?

ጦር አይቻልም አሉኝ። ወጥመድ አይቻልም።
ጉድጓድም፣ መርዝም፣
ውሻ መልቀቅ እንኳ ያለ ደብዳቤ አይቻልም።
ቆርቆሮ መምታት ግን ተፈቅዷል፤ መታሁ አርባ ሌሊት፤
አሁንማ ድምፁን ሲሰማ ይመጣል፣ ራት የተደወለ መስሎት።»

ይህን ብሎ አወጣ የታጠፈ ደብዳቤ፤
ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማው ረጅም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ
ሳቄን ዋጥኩት።

ሰኔ ላይ ነው ነገሩ። ከወንበሬ ማዶ
ይጽፍ የነበረ ልጅ፣ ፊደል እንደ ውሃ ቀድቶ፣
«አሳማ» ሊል ፈልጎ፣ ዓይኑን ዓ ተጠቅሞ፣
ንጉሡን ሠ ደግሞ፣
«ያስቸገረኝ ዓሣማ» ብሎ ጽፎለት ኖሮ፣
መዝገብ ቤቱ ቢያነበው፣ ቢያየው ዞሮ ዞሮ፣
«የዓሣማ ጉዳይ የኛ አይደለም» ብሎ፣
ወደ ዓሣ ሀብት መራው፣ ቁጥር አክሎ።

ዓሣ ሀብትም መለሰ፦ «በጥያቄዎ መሠረት መረብ ተፈቅዷል፤
የመረቡ ዓይን ግን እንዳይጠብ፤ ጫጩት ያስቀራል።
በእርባታ ወራት አይጣል፤
የተያዘውም ሁሉ ለማኅበሩ ይሸጣል።»

«ስሕተት ነው» አልኩት፤ «ላርመው በአልፋው አ፣ በእሳቱ ሰ።»
ሽባባው ግን እጄን ያዘ፤ ድምፁም አነሰ፦

«በሥላሴ ይዤሃለሁ፣ አትንካው!
መረቡን ሐሙስ ማታ ተከልሁት፣ ከበቆሎው ዳር፣ ከጫካው።
እናቲቱ ገባች። ጩኸቷ
ውሃው ላይ ሄዶ ተመለሰ፤
ማዶ ደሴት ላይ ያለ መነኩሴ ሳይሰማት አልቀረም።
አምስቱ ግልገሎች በመረቡ ዓይን ሾልከው
አንድ ባንድ ወጡ፣ ደብዳቤው እንዳለው።
ፋኖስ ይዤ ቆጠርኋቸው። አልነካኋቸውም። ሕግ ነው።
እሷን እንግዲህ... እኛ አንበላ፣ ጅብ ወሰዳት።
ለማኅበሩ የምሸጠው ምንም የለኝ፤ ይህንንም ጻፍልኝ።
ጠጂቱ፣ ባለቤቴ፣ ያን ሌሊት አልተኛችም፤
ልጅ ታጠባለችና፣ ጩኸቱን አልወደደችም።
ምን ላድርግ? እነዚያ አምስቱ ያድጋሉ፤
በመጪው ዓመት ደግሞ እነሱም ያርሳሉ።
ፈቃዱ ጳጉሜን ላይ ያበቃል። አሳድስልኝ፤
እንደ ፊተኛው አድርገህ፣ እንዳታቀናልኝ።»

ድቁና ተምሬ፣ ቅኔ ቤት ገብቼ፣
ለአንዲት ሆሄ ብዬ ከስንቱ ተጋጭቼ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ስሕተት የጻፍኩት
ስንት ማመልከቻ፣
መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ያ ልጅ ግን ባንድ ፊደል ብቻ...

ጥላዬን አስጠግቼ፣ ሳልቸኩል ጻፍኩለት፣
ለዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት፦
ጉዳዩ፣ ያስቸገረኝ ዓሣማ።
ዓይኑን ዓ ሰፋ አድርጌ ጻፍኳት፣
ግልገል እንድታሳልፍ።

ሃያ ብር ከፍሎ ሄደ። ማስረጃውን ግን ረሳው፤
ዛሬም ነፋስ ሲመጣ፣ ወረቀቴን የምጭነው
ያው ጥርስ ያለበት በቆሎ ነው።