ቦታዋን የሳተች ጨሌ

የአክስቴ የኦክታቪ ጎጆ የቆመው ከመንገድ ዳር፣
መንግሥት “ለመንገድ” ብሎ ባስቀረው ቀጭን አፈር።
በግራ የገበሬ አጥር፤ በቀኝ የገበሬ አጥር፤
እኛ መሀል፣ እንደ ክር።

በእናት የክሪ ልጆች ነን፤ በአባት የዚያ ፈረንሳይ፣
ለቢቨር ቆዳ በታንኳ መጥቶ የቀረ፣ አገሩን ሳያይ።
መንደርተኛው “ከሁለት ያጣ” ሲለን፣ እሷ ከት ብላ ስትስቅ፦
“ከሁለት የጠጣ በይ! ወንዝ ከሁለት ምንጭ ቢፈልቅ
ማን ጎደሎ ይለዋል? ይሰፋል እንጂ መች ይደርቅ?”

ቋንቋችን ሚቺፍ ነው። ነገሩ በፈረንሳይኛ ይቆማል፣
በክሪ ተነስቶ ይሄዳል።
ወንበሩ የአባት፣ መቀመጡ የእናት፤
ሚስ ሃርግሬቭ “ይህ ቋንቋ አይደለም” አለችን፣
ከአጥሩ ማዶ፣ በመስኮት።

ትምህርት ቤት አልገባንም። መሬት የሌለው ግብር የለው፣
ግብር የሌለው ልጅ ፊደል አይቆጥርም፤ ደንቡ ይኸው።

ስለዚህ አጎቴ ኤልዜያር በጥር በረዶ ላይ ወሰደኝ፤
የጥንቸል ዱካ አስነበበኝ፦
“ይቺ ፈርታ ሮጣለች። ይቺ ጠግባ ነው ያዘገመች።
ይቺ” — ወጥመዱን ከቅርንጫፍ እየፈታ — “እዚህ ጋ አበቃች።”
የወገቡ ቀይ መቀነት ሲያሻው ገመድ ነው፣ ሲያሻው ፋሻ፤
አንድ ቀን በረዶው ሲከዳኝ እኔን ጎትቶ አወጣበት፤
ቀለሙ ለቅቆ
ሁለት ሳምንት እጄ ቀይ ሆኖ ሰነበተ።

ማታ ቫዮሊኑን ያነሳል፣ በእግሩ ወለሉን እየመታ፤
ታሪክ የነገረኝ በዚያው ነው፣ አንድም ቃል ሳያወጣ፦
ብረት ያልነካው ሺህ ጋሪ፣ ሲጢጥ ሲል ከሩቅ የሚሰማ፣
በላዩ የጎሽ ቋንጣ፣ ተወቅጦ ከሞራ፣ ከእንጆሪ የተስማማ፤
ከዚያ ዜማው ይወርዳል፣ ይወርዳል…

ጎሹ አለቀ። ቀላድ ጣዮች መጡ፣ ሰንሰለት እየጎተቱ።
የእኛ ርስት ጥብጣብ ነበር፦ አንድ ጫፉ ወንዝ የሚጠጣ፣
አንድ ጫፉ ሣር የሚግጥ፤
የእነሱ ሰንጠረዥ ነው፦ አራት ማዕዘን፣ ሸጥ ለወጥ።
አያቴ “ፈርሚ” ሲሏት መስቀል ሠራች ወረቀት ላይ፤
መስቀሏን ይዘው ሄዱ፤
መሬቱም ሄደ፣ ሳናይ።

አክስቴ ግን ታሪክ አታወራም። ኩራዟን ታስጠጋለች፤
ጥቁር ከፋይ ጉልበቷ ላይ፣ ጨሌው በድስት ክዳን፤
“እዪ” ትለኛለች።
“ለምን?” ብል ዝም። “እንዴት?” ብል ዝም።
መርፌዋ ብቻ ይመልሳል፤ እሱም ሁለቴ አይደግም።
አረንጓዴው ለግንዱ፣ ነጩ ለአበባው አፍ፣ ቀዩ ለፍሬው ጎን፤
ከዚያ ከቀዩ መሀል አንዲት ሰማያዊ
ያለ ሥፍራዋ ጉብ ስትል አየኋት፣ ብቻዋን።
“ሳትሽ!” አልኳት፣ ዘልዬ።
ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። “የማይስት ሠሪ አንድ ነው፤
እሱም ከፋይ አይሰፋም” ብላ ኩራዙን እፍ አለችው።

ያቺን ሰደርያ በመጋቢት ለአንድ ከረጢት ዱቄት ሸጠቻት።
በሰኔ የወረዳው ሰዎች መጡ፣ “መንገዱ ይሠራል” ብለው፤
ጎጆውን በጋዝ አነደዱት። ቫዮሊኑ ውስጥ ነበር።
መንገዱ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

አምና፣ በከተማው ሙዚየም፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ልጅ
መሳቢያ ሳበችልን፤ ጥቁር ከፋይ ተጋድሞ።
“ሠሪው ያልታወቀ” ይላል ካርዱ።
“እዚህ ጋ ትንሽ ጉድለት አለ” አለች ልጅቱ በትሕትና፣
ቀዩን በእርሳስ ጫፍ እያሳየች፤ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል።
የልጅ ልጄ ቪታሊን እጄን ጎተተችኝ፦
“ምን ሆነሽ ነው? ለምን አለቀስሽ?”
ዝም።
ከወገቧ ይዤ ከፍ አደረግኋት፣ አይኗ ከፋዩ እስኪደርስ፦
“እዪ።”